ሐኪሙ ይናገር፣ የታካሚው ገመና ግን ይከደን

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሐኪሞችን የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም ይመለከታል

የተከበራችሁ የሁለቱ ተቋማት ኃላፊዎች፣

ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ከፍቶ በአማርኛ ስለ ጤና የሚያስረዳ ሐኪም ያላጋጠመው ሰው ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ድብርት ይነገራል፤ አድማጩም ብዙ ነው። ቢበዛ አይገርምም። ለ10 ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ገደማ በሚደርስበት አገር ከባለሙያ ጋር አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማውራት ራሱ ቅንጦት ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ክሊኒክ ለመሄድ የአሠሪዋን ፈቃድ የምትጠብቅ፣ ብትሄድም ሕመሟን በአረብኛ ማስረዳት የሚቸግራት እህታችን ማታ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ስትከፍት በቋንቋዋ የሚያስረዳት ሐኪም ማግኘቷ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሐኪሞች ከማኅበራዊ ሚዲያ ይውጡ ለማለት አይደለም። እንዲያውም ይብዙ ባይ ነኝ። የምለው ሌላ ነው። የሐኪሙ ንግግር የሐኪሙ ነው፤ የታካሚው ገላ፣ ቁስል፣ ፊትና ታሪክ ግን የታካሚው ነው። በሕክምና ላይ ያለ ሰው «እሺ» ብሎ ቢፈርም እንኳ በሚያክመው ሐኪም ገጽ ላይ መታየት የለበትም። ጉዳዩን የሚገዛው መመሪያ፣ አሁን ያለውም ሆነ ወደፊት የሚወጣው፣ ይህን በማያሻማ ቃል እንዲናገር ነው የምጠይቃችሁ።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ የራጅ ፊልም በስልክ ይነሳና ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ «ምርመራው ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ወጣት ሐኪሞችና ተማሪዎች መልስ ይሻማሉ። ፊልሙ ጥግ ላይ ግን የታካሚው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታና የካርድ ቁጥር በነጭ ፊደል ሰፍሯል። የለጠፈው ሰው አላየውም፤ ዓይኑ ስብራቱ ላይ ነበርና። ጠንቀቅ ያለው ደግሞ ስሙን በጥቁር ይሸፍንና ከሥሩ ወረዳውን ጠቅሶ «ሦስት ቀን ምጥ ላይ ቆይታ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ» ብሎ ይጽፋል። በዚያ ወረዳ፣ በዚያ ሳምንት፣ ሦስት ቀን አምጣ ሆስፒታል የተወሰደች የ16 ዓመት ልጅ ስንት ትኖራለች? ጎረቤት ያውቃታል፣ ደብሩ ያውቃታል፣ ገበያው ያውቃታል። ስሟን የማናውቀው ከሩቅ የምናየው እኛ ብቻ ነን።

ይህ በእኛ ገጠር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት አንዲት የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ስለ ሥራ ገጠመኟ ፌስቡክ ላይ ጻፈች። የማንንም ስም አልጠቀሰችም። ሆኖም የአንዱ ታካሚ የጉዳት ዓይነት ብቻውን ማንነቱን ለሌሎች አሳወቀ። ሆስፒታሉ አሰናበታት፤ የግዛቱ የሕክምና ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2011 ገሥጾ 500 ዶላር አስከፈላት። ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሥራ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነውን በፖስታ ኮድ፣ በጾታና በትውልድ ቀን ብቻ አንድ በአንድ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። እኛ የመኖሪያ ቤት ፖስታ ኮድ አንጠቀምም፤ ቀበሌና የአባት ስም ግን አለን፣ ዘመድ ከዘመድ የሚያጠያይቅ ባህልም አለን። «ስሙን አልጠቀስኩም» የሚለው መከላከያ እዚህ ከአሜሪካም ይልቅ ይሳሳል።

ሐኪሞች በተፈጥሯቸው ግዴለሾች ናቸው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በጤና ባለሙያዎች የሚጻፉ 271 ብሎጎችን መርምሮ ነበር። በ114ቱ ስለ ግለሰብ ታካሚዎች ተጽፏል፤ በ48ቱ ታካሚ በመጥፎ ተሥሏል፤ በ31ዱ የሕክምና ሸቀጥ ተዋውቋል፤ በሦስቱ ደግሞ ፊቱ የሚለይ የታካሚ ፎቶ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ለመለጠፍ ቁጭ ብሎ መጻፍ ነበረበት፤ ሲጽፍ ደግሞ ማሰቡ አይቀርም። ዛሬ ካሜራው ጋውን ኪስ ውስጥ ነው፣ ለመለጠፍም ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። መድረኮቹም የሚሸልሙት ለቅሶንና ደምን ነው። ስለ ጨው አወሳሰድ በእርጋታ ያስረዳ ሐኪም ጥቂት ሺህ ተመልካች ሲያገኝ የሚያለቅስ ሕፃን ያሳየው በአንድ ሌሊት ገጹ ይጥለቀለቃል። በዚህ ገበያ ውስጥ የአንድን ግለሰብ ጨዋነት ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም።

የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው፦ «ታካሚው ፈቅዷል»። ሕጋችንም ለዚህ መልስ በር የተወ ይመስላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣውን ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ጋር መድቦታል። ሁሉም ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፉት ፈቃድ ላይ ነው። እንግዲህ ፈቃዱ የሚሰጠው የት ሆኖ ነው? ለማንስ ነው? ከገጠር የመጡ እናት ወረፋ ጠብቀው፣ ከብት ሸጠው፣ የዘመድ ቤት ወለል ላይ አድረው አልጋ አግኝተዋል። ነገ ሆዳቸውን የሚከፍተው ሐኪም ስልክ ይዞ «እማማ፣ ለማስተማሪያ ቪዲዮ ላንሳዎት?» ይላቸዋል። ምን ይበሉ? «እሺ ዶክተር፣ እንዳልክ» ከማለት ውጪ ያላቸው ምርጫ በወረቀት ላይ እንጂ በአልጋው ላይ የለም። «እምቢ» ቢሉ ሐኪሙ ቅር አይሰኝ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ያን በምን ያውቃሉ? «ለማስተማሪያ» ሲባሉም የሚመስላቸው ጠዋት ጠዋት አልጋቸውን ከብበው የሚቆሙት ተማሪዎች እንደሚያዩት ነው። ምስላቸው ማታ የልጃቸው አማቶች ስልክ ላይ እንደሚደርስ፣ ከሥሩ የማያውቁት ሰው እንደሚሳለቅበት የነገራቸው የለም። ጣታቸውን ቀለም ነክሮ ማስፈረም ይህን አይለውጠውም።

ከዚህ በላይ ደግሞ ፈቃዱ አይመለስም። ቀዶ ሕክምና የፈቀደ ሰው ጠዋት ተነሥቶ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ማለት ይችላል። የተለቀቀ ቪዲዮ ግን ሐኪሙ ራሱ ቢያጠፋውም ሌላው አውርዶታል፣ ቆርጦ ቀጥሎታል፣ የሌላ ሰው ስምና የባንክ ሒሳብ ለጥፎ ይለምንበታል። የዓለም ሕክምና ማኅበር ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሙያዊና ሥነ ምግባራዊ አጠቃቀም ያወጣውን መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞንቴቪዴዮ ላይ አጽድቆ በ2022 በርሊን ላይ አሻሽሎታል፤ የጄኔቫው ቃለ መሐላ ደግሞ ታካሚው ከሞተ በኋላም ምስጢሩን መጠበቅን ግዴታ ያደርጋል። ጥሩ ሰነዶች ናቸው። እኛ ግን አንድ እርምጃ አልፈን መሄድ ያለብን ይመስለኛል፤ «እምቢ» ለማለት አቅም የሌለው ታካሚ የሚበዛው እኛ ዘንድ ነውና።

ካሜራው ሐኪሙንም ሳይነካው አያልፍም። የኦሃዮ ግዛት የሕክምና ቦርድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የአንዲት የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም የሙያ ፈቃድ እስከ ወዲያኛው ነጥቋል። ሐኪሟ ቀዶ ሕክምናዎቿን በቲክቶክ በቀጥታ ታስተላልፍ ነበር፤ መሣሪያው በታካሚዋ ገላ ውስጥ እያለ ወደ ካሜራው ዞራ የተመልካች ጥያቄ ትመልሳለች። ከእነዚያ ታካሚዎች አንዷ በኋላ አንጀቷ ተበስቶ ተገኝቷል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሐኪም አለን አላልኩም። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሦስተኛ ተመልካች ሲገባ የሐኪሙ ሐሳብ ለሁለት መከፈሉ አይቀርም፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ታካሚው አይደለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አባባሉ የሚሠራው ግን የሚነገረው ሰው ምስጢር የሚቋጥር ሲሆን ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን ይህን በከባድ ዋጋ ተምረነዋል። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሰው ወደ ምርመራ ክፍል የገባው መድኃኒት ስለተገኘ ብቻ አልነበረም፤ ምስጢሩ ከበሩ እንደማይወጣ ስላመነም ጭምር ነው። በፊስቱላ የተጠቃች ሴት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት፣ የአእምሮ ሕመም የያዘው አባወራ ዛሬም ሕክምናን የሚፈሩት ከሕመሙ ይልቅ መታየትን ፈርተው ነው። አንድ ቪዲዮ የሚጎዳው ቪዲዮው ውስጥ ያለችውን ሴት ብቻ አይደለም፤ አይታው «እኔ ብሄድም እንዲህ ያወጡኛል» ብላ ቤቷ የምትቀረውንም ነው። የዚህችኛዋን ቁጥር ማንም አይመዘግበውም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የእርዳታ ጥሪው ነው። ለኩላሊት እጥበት፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና፣ ለካንሰር መድኃኒት ገንዘብ አጥቶ የሚሞት ሰው አለ። ሐኪሙ ቪዲዮ ሲለቅ ከዋሽንግተንም ከቴል አቪቭም ወገን ይረባረባል፣ ልጁም ይድናል። «ልጁ ከሚሞት ፊቱ ይታይ» የሚለውን ክርክር በንቀት የሚያልፍ ሰው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ አያውቅም። እኔም አላልፈውም። ሆኖም ጥሪው የሚቀርብበትን መንገድ ተመልከቱት። የሕክምና ቦርድ ማስረጃው ከነስሙ፣ ከነምርመራው፣ ከነማኅተሙ ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል። ሕፃኑ ራቁቱን ይታያል። እናቲቱ ካሜራው ፊት እንድታለቅስ ትጠየቃለች፤ ካላለቀሰች ሰው አይሰጥማ! ልጁ ድኖ፣ አድጎ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው ያ ምስል ይጠብቀዋል፤ እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። የሕይወቱን ዋጋ በገመናው እንዲከፍል ተደርጓል ማለት ነው።

«ፊት ካላየ ሰው አይሰጥም» ይባላል። እድር ግን ለዘመናት ገንዘብ ሲሰበስብ የኖረው የማንንም ፊት አሳይቶ ሳይሆን ዳኛውና ጸሐፊው ስለሚታመኑ ነው። ሰው የሚሰጠው አማላጁን ሲያምን ነው። ስለዚህ ፊት ከተፈለገ የሐኪሙ ፊት ይታይ። ስሙን ጠርቶ «እኔ የማክመው ሕፃን ነው፤ ሕክምናው ይህን ያህል ይፈጃል፤ ማስረጃውን የሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አይቶታል» ይበል፤ የሂሳብ ቁጥሩም ሆስፒታሉ ያረጋገጠው ይሁን። ይህ አሠራር ከሚያለቅስ ሕፃን ምስል ያነሰ ገንዘብ ያመጣ ይሆናል። በአንጻሩ ዛሬ በተሰረቀ ፎቶ የሚለምነውን አጭበርባሪ ሥራ ያሳጣዋል፤ ሰጪውም ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠይቃል። ማስረጃ የሚያጣራ ክፍል የሌለው ሆስፒታል ካለ ደግሞ ያን ማሟላት የእናንተ ሥራ እንጂ የሕፃኑ ዕዳ አይደለም።

ስለ ማስተማሩ ብዙ አልልም። ሕክምና ሁልጊዜም በምስል ሲያስተምር ኖሯል፤ ነገር ግን በመማሪያ ክፍልና በሳይንሳዊ መጽሔት፣ በተጻፈ ፈቃድና ለሚመለከተው አንባቢ። «ዝግ ነው» የሚባለው የቴሌግራም ግሩፕ በሺህ የሚቆጠር አባል ሲኖረው ዝግ አይደለም። ለሕዝብ ለማስተማር ደግሞ ሥዕል፣ የፕላስቲክ አምሳያና ጥሩ አንደበት ይበቃሉ። ጎበዝ አስተማሪ የሆኑት ሐኪሞቻችንም አብዛኞቹ የሚያስተምሩት እንዲሁ ነው።

ምክርና ማስታወቂያ የሚደባለቁበት ቦታ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ተመልካቹ ከቪዲዮው ሥር «ዶክተር፣ ይህ ነገር ከወጣብኝ ወር ሆነኝ» ይላል፤ መልሱ «ውስጥ መስመር ላኩልኝ» ይሆናል፤ በውስጥ መስመር የሚገኘው ደግሞ የክሊኒክ አድራሻ ወይም የሚሸጥ ቅባት ነው። ሐኪሙ ክሊኒክ ቢኖረው ነውር የለውም። ነውሩ ተመልካቹ ምክር የሰማ መስሎት ማስታወቂያ መስማቱ ነው። የመድኃኒት ስምና መጠን በቪዲዮ መጥራትም እንዲሁ፤ አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ በሚሸጥበት ሰፈር የተጠራ መጠን የታዘዘ መጠን ነው። ከሚያስተዋውቀው ነገር የሚያገኘው ጥቅም ካለ መጀመሪያ ይናገር፤ ለማያውቀው ሰው በስም የተጠራ መድኃኒት አይዘዝ። ከዚህ በላይ ዝርዝር አያስፈልግም።

ከሐኪሞቹ በኩል የሚመጣው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «መመሪያ ሲወጣ ታካሚን ለመጠበቅ ይባላል፤ ሥራ ላይ ሲውል አፋችንን ለመዝጋት ይሆናል» ይላሉ። ስጋታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያሰሙ፣ ነገሩም ግንቦት ላይ ወደ ሥራ ማቆም ሲያመራ፣ የታሰሩ ባለሙያዎች ነበሩ። በውጭም ምሳሌ አለ። ቻይናዊው የዓይን ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2019 ሳርስን የመሰለ በሽታ መታየቱን ለሐኪም ጓደኞቻቸው በዊቻት ጻፉ። ከቀናት በኋላ ፖሊስ ጠርቶ ሐሰት አሰራጭተሃል ብሎ አስፈረማቸው፤ በፌብሩዋሪ 2020 በዚያው በሽታ ሞቱ። እዚህ ላይ እኔንም የሚፈትን ነገር አለ። ለጓደኞቻቸው ባካፈሉት ውስጥ የአንድ ታካሚ የምርመራ ውጤት ነበረበት፤ የምጠይቀው ክልከላ በጥሬው ቢተረጎም እሳቸውንም ያስቀጣ ነበር። ስለዚህ መመሪያው ወረርሽኝን ወይም የሕዝብ አደጋን ለማስጠንቀቅ ማንነቱ የማይለይ መረጃ ያካፈለን ሐኪም በግልጽ መጠበቅ አለበት። የመድኃኒት እጥረትን፣ የኦክስጅን መጥፋትን፣ የተበላሸ ማሽንን፣ የደመወዝን ጉዳይ መናገርም ከመመሪያው ውጪ መሆኑ በራሱ አንቀጽ ይጻፍ። ባዶ የመድኃኒት መደርደሪያ ፎቶ የማንም ታካሚ ገመና አይደለም።

«ሙያዊ ያልሆነ ምግባር» የሚል ሰፊ ሐረግም አይግባበት። እ.ኤ.አ. በ2020 በአንድ የታወቀ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የወጣት ሐኪሞችን ገጾች መርምሮ በዋና ልብስ የተነሡትን ፎቶና አከራካሪ በሆኑ ጉዳዮች ላይ የያዙትን አቋም ሳይቀር «ሙያዊ ላይሆን የሚችል» ብሎ ቆጠረ። ሴት ሐኪሞች በዓለም ዙሪያ የዋና ልብስ ፎቷቸውን እየለጠፉ ተቃወሙ፤ መጽሔቱም ጥናቱን ለመሳብ ተገደደ። ሐኪም በሰርግ ላይ ቢጨፍር፣ የሚደግፈውን ቡድን ማልያ ቢለብስ፣ መንግሥትን ቢተች የታካሚ ጉዳይ አይደለም። ዳኝነቱም ለቀጣሪው መሥሪያ ቤት ባይሰጥ ይሻላል፤ ቀጣሪ የተተቸበትን ጽሑፍ በሌላ ስም ሊከስሰው ይችላልና። የሙያ ጓዶቹና የታካሚ ወኪል የተቀመጡበት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይየው፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ ይጻፍ።

ለሚለቀቁ ምስሎችስ ፈጽሞ በር ይዘጋ? አይደለም። ታካሚው ድኖ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ ታሪኩን ራሱ መናገር ቢፈልግ መብቱ ነው። ሐኪሙ ያን ታሪክ በገጹ ሊያወጣ ቢፈልግ ግን ፈቃዱን የሚጠይቀው ያላከመው ሰው ይሁን፣ በታካሚው ቋንቋ ይጠየቅ፣ ከመለቀቁ በፊት ምስሉን ይየው። ለአካለ መጠን ያልደረሱትን በሚመለከት ወላጅም ቢሆን ለአደባባይ የሚሆን ፈቃድ አይስጥ።

እስካሁን ሐኪሞችን ነው ያነሣሁት፤ የተቋማቱ ገጾች ግን ከሐኪሞቹ አይሻሉም። የሕዝብ ሆስፒታሎች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች «ከእናት ማሕፀን ይህን ያህል ኪሎ ዕጢ ወጣ» ብለው ዕጢውን በሳህን፣ እናቲቱን ከነፊቷ አልጋ ላይ ይለጥፋሉ፤ ባለሥልጣን ሲጎበኝ ገና ከማደንዘዣው ያልነቃ ሰው ከጀርባ ይታያል። ወጣቱ ሐኪም መለጠፍን የተማረው ከእነዚህ ገጾች ነው፣ ነገ ሲከሰስም የሚጠቅሰው እነሱን ነው። የመንግሥት ሆስፒታሎችን ገጾች ለማጽዳት አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም፤ ከሚኒስቴሩ አንድ ሰርኩላር ይበቃል። ሕፃናት ከሚታዩባቸው ምስሎች ቢጀመር፣ የተሰረዙትም ምን ያህል እንደሆኑ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ ሐኪሞቹን «እናንተም ሰርዙ» ለማለት መንገዱ ይከፈትላችኋል።

ከአክብሮት ጋር